አሜሪካ መንገድ ላይ የተረፉ የድሮ ታፔላዎችን እንዴት ማግኘት፣ መለየትና ማሰባሰብ ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ ውሎው መንገድ ላይ የሆነ ሐበሻ ብዙ ነው። ትራክ የሚነዳው፣ ታክሲና ኡበር የሚሠራው፣ ዘመድ ለመጠየቅ ከስቴት ስቴት የሚመላለሰው። ይህን መመሪያ ስጽፍ በዋናነት እነሱን እያሰብኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ከፊታችሁ የሚያልፈው ታፔላ አብዛኛው አዲስ፣ የአሉሚኒየምና አንድ ዓይነት ነው። ከሃይዌይ ወጣ ባለ አሮጌ መንገድ ላይ ግን ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላው ብረት አሁንም ቆሞ ይገኛል። የሚያየው የለም። አንድ ቀን የጥገና ሠራተኞች መጥተው ይነቅሉትና ከአሮጌ ብረት ጋር ይጣላል።

ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አንድ የድሮ ታፔላ መንገዱ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንዳሠራው፣ ያኔ ሰው ወዴት ይጓዝ እንደነበር ይናገራል። ግን ይህን ሁሉ በደንብ የሚናገረው እዚያው በተተከለበት ቦታ እስካለ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንግባባ። የቆመውን በፎቶና በማስታወሻ ሰብስቡ። በእጃችሁ የምትሰበስቡት ግን በሕጋዊ መንገድ ከመንገድ የወረደውን ብቻ ይሁን።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ዓይናችሁን ቅርብ ባለው አለማምዱ

ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት ዕድሜያቸው በግልጽ የሚታወቅ ነገሮችን ተመልከቱ። ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩ ይህ በጣም ቀላል ነው። በ1791 እና በ1792 የዋና ከተማዋን ወሰን ለማመልከት በየአንድ ማይሉ 40 የድንጋይ ምልክቶች ተተክለው ነበር። አብዛኞቹ ዛሬም አሉ። የሰሜኑ የማዕዘን ድንጋይ ያለው ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከኢስት ዌስት ሃይዌይ አጠገብ ነው። ብዙዎቹ በብረት አጥር ታጥረዋል። የመንገድ ታፔላ አይደሉም፤ ግን ዓይን በየቀኑ የሚያልፈውን ነገር እንዲያይ ለማሠልጠን ከእነሱ የተሻለ የለም።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ሜሪላንድ ውጡ። ከባልቲሞር ወደ ኩምበርላንድ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ዳር፣ ዩ ኤስ 40 እና ሜሪላንድ 144 የሚባሉትን መንገዶች ስትከተሉ፣ ወደ ባልቲሞር ስንት ማይል እንደቀረ የተቀረጸባቸው አጫጭር ድንጋዮች አሉ። በሣር ስለሚሸፈኑ በአሜሪካ ክረምትና በጸደይ መጀመሪያ ላይ ነው በደንብ የሚታዩት።

ፔንሲልቬንያ ስትገቡ ደግሞ በከተሞች መግቢያ ላይ ከቀለጠ ብረት የተሠሩ ሰማያዊ ታፔላዎችን ፈልጉ። ፊደላቸው ቢጫ ነው። የከተማው ስም፣ ስሙ ከየት እንደመጣ፣ የተመሠረተበት ዘመንና እስከሚቀጥለው ከተማ ያለው ርቀት ተጽፎባቸዋል። የስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ያስተከላቸው ናቸው። ለእኔ አሜሪካ ውስጥ ካሉ የመንገድ ታፔላዎች ሁሉ የሚያምሩት እነዚህ ናቸው። ቨርጂንያ ውስጥም የታሪክ ታፔላዎቹ ከ1927 ጀምሮ በመንገድ ዳር መተከል ጀምረዋል። ከሥራቸው ያሠራው አካልና ዓመቱ ስለሚጻፍ ለጀማሪ በጣም ይጠቅማሉ።

2. አሮጌውን መንገድ አግኙ

የድሮ ታፔላ ኢንተርስቴት ላይ አይገኝም። እዚያ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። የሚተርፈው በተረሳ መንገድ ላይ ነው። አዲስ መንገድ ሲሠራ አሮጌው ወደ ጎን ቀርቶ ለአካባቢው ሰው ይተዋል። ስሙ ላይ «ኦልድ» የሚል ቃል ያለበት መንገድ፣ ከሃይዌይ ጎን ለጎን የሚሄድ ጠባብ አስፋልት፣ ድልድዩ ፈርሶ መጨረሻው የተዘጋ መንገድ፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር የሚያልፍ ዝቅተኛ መተላለፊያ፣ እነዚህን ሁሉ ምልክት አድርጉባቸው።

ሥራው የሚጀምረው ቤት ቁጭ ብሎ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የድሮ ካርታዎቹን በነጻ በኢንተርኔት አስቀምጧል። የ1940ዎቹን ካርታ ከዛሬው ጋር አስተያዩ። መንገዱ የት የት እንደተቆረጠ በግልጽ ይታያል። ቀጥሎ ጉግል ስትሪት ቪው ላይ ያንን የተቆረጠ ክፍል በዝግታ «ንዱት»። ስትሪት ቪው ከ2007 ጀምሮ የተነሱ ምስሎች ስላሉት፣ ቀኑን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ታፔላው መቼ እንደነበረና መቼ እንደጠፋ ማየት ትችላላችሁ። ነዳጅም ጊዜም ይቆጥባል።

የከተማ ውስጥ ጓሮ መንገዶችን አትናቁ። የድሮ ሆስፒታል ግቢ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የፋብሪካ መውጫ፣ የመቃብር ሥፍራ በር። እነዚህ ቦታዎች የግል ወይም የተቋም ስለሆኑ የመንገድ መሥሪያ ቤት ደርሶ ታፔላ አይቀይርላቸውም። አንድ ጊዜ የተተከለው እዚያው ያረጃል።

3. ዕድሜውን አንብቡ

የሥራው ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ምልክት ሕግ በየጊዜው ስለተቀየረ፣ እያንዳንዱ ለውጥ እንደ ማኅተም ሆኖ ቀርቷል። ዋና ዋናዎቹን ካወቃችሁ ከመኪና ሳትወርዱ እንኳ ዘመኑን መገመት ትችላላችሁ።

ከቀለም እንጀምር። ስምንት ማዕዘን ያለው የ«ስቶፕ» ታፔላ ሁልጊዜ ቀይ አልነበረም። ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ቢጫ ሆኖ ፊደሉ ጥቁር ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ፀሐይ ላይ ቆሞ የማይደበዝዝ ቀይ ቀለም አልነበረም። ደንቡ ወደ ቀይ የተቀየረው በ1954 ነው። ስለዚህ ቢጫ ስቶፕ ካያችሁ ወዲያው ልብ በሉ።

ቅድሚያ ስጥ የሚለው የ«ዪልድ» ታፔላ ታሪክም ደስ ይላል። ሐሳቡን ያመጣው ክሊንተን ሪግስ የሚባል የተልሳ፣ ኦክላሆማ ፖሊስ ነው። የመጀመሪያው በ1950 እዚያው ከተማ ተተከለ። እሱም በቢጫ ነው የጀመረው። ቀይና ነጭ የሆነው በ1971 ነው። ቢጫ ዪልድ ከቢጫ ስቶፕ ይልቅ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የመኪና ማቆሚያዎች ውስጥ ፈልጉት።

ያው 1971 ሌላም ለውጥ አመጣ። የመንገድ ሥራ ማስጠንቀቂያ ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ ተቀየረ። በቃል ይጻፉ የነበሩ ብዙ ማስጠንቀቂያዎችም በሥዕል መተካት ጀመሩ። ስለዚህ ዛሬ በሥዕል የሚነገረውን ነገር በረዥም ጽሑፍ የሚናገር ታፔላ ካጋጠማችሁ ቆም ብላችሁ እዩት።

ሁለተኛው መጠን ነው። የድሮው ስቶፕ ስፋቱ 24 ኢንች፣ ማለትም ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ነበር። የዛሬው መደበኛ 30 ኢንች ነው። በጋሻ ቅርጽ የሚሠራው የዩ ኤስ መንገድ ቁጥርም በፊት 16 ኢንች ነበር፤ ዛሬ 24 ነው። ትንሽ ሆኖ ዝቅ ብሎ የተተከለ ታፔላ ጥሩ ምልክት ነው። ያኔ መኪናው ቀርፋፋ ነበር፤ ከሩቅ መነበብ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ቅርጽ ነው። የዩ ኤስ መንገዶች ቁጥር የተሰጣቸው በኅዳር 1926 ነው። የመጀመሪያዎቹ ጋሻዎች በራሳቸው ቅርጽ ተቆርጠው የወጡ ናቸው። ከላይ የስቴቱ ስም፣ ከሥሩ «ዩ ኤስ» የሚሉት ሁለት ፊደላት፣ ከዚያ ቁጥሩ። የዛሬው ግን በጥቁር አራት ማዕዘን ላይ የተሣለ ነጭ ጋሻ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ አለበት። እዚህ ላይ ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዳትሸወዱ። ካሊፎርኒያ ዛሬም ጋሻውን በቅርጹ ቆርጣ «ዩ ኤስ» ጽፋ ነው የምትተክለው። እዚያ ቅርጹ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፍሎሪዳ ደግሞ ከ1956 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለየመንገዱ የተለያየ ቀለም ትሰጥ ነበር። ዩ ኤስ 1 ለምሳሌ ቀይ ጋሻ ነበረው። ባለ ቀለም ጋሻ ካያችሁ መጀመሪያ ፍሎሪዳን አስቡ።

ፊደላቱንም ተመልከቱ። እስከ 1940ዎቹ ድረስ ፊደላቱ ማዕዘናቸው ስል ነበር። «ኦ» የምትባለዋ ፊደል እንኳ ጥጎቿ የተቆረጡ ሳጥን ትመስላለች። ከዚያ በኋላ ክብ ክብ እያሉ መጡ።

አሁን ወደ ብረቱ ቅረቡ። በብዙ የድሮ ታፔላዎች ላይ ፊደሉ በመጭመቂያ ወደ ውጭ የወጣ ነው። ፊት ለፊት በእጅ ሲዳሰስ እብጠት፣ ከጀርባ ደግሞ ጎድጓዳ ይሆናል። ሌሎቹ ኢናሜል ናቸው፤ በላሜራ ላይ በእሳት የተጋገረ የብርጭቆ ቅብ። ድሮ እቤታችን የነበሩትን ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሳህኖች አስታውሱ፤ ሲላላጡ ከሥር ጥቁር ብረት እንደሚታየው፣ እነዚህም እንደዚያው ናቸው። በካሊፎርኒያ እስከ ክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ድረስ ብዙ የመንገድ ታፔላ የሚተክሉት የመኪና ባለቤቶች ማኅበራት ነበሩ። ከሥሩ የደቡብ ካሊፎርኒያ አውቶሞቢል ክለብ ስም ያለበት ኢናሜል ሰብሳቢዎች በጣም የሚፈልጉት ነው።

ብርሃን የሚመልሱበት መንገድም ዘመን ይለያል። የዛሬው ሙሉ ገጹ የሚያንጸባርቅ ሉህ ነው። የዚህ ዓይነቱ የ3M (ስሪ ኤም) ኩባንያ ሉህ መጀመሪያ መንገድ ላይ የዋለው በ1939 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነው። ከእሱ በፊትም ሆነ ጎን ለጎን በየፊደሉ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ የብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ አንጸባራቂዎች ይደረደሩ ነበር። በሃይዌይ ላይ እነዚህን ለረዥም ጊዜ ካቆዩት መካከል ካሊፎርኒያና አሪዞና አሉ። ማታ በመኪና መብራት ሲታዩ ፊደሉ በነጠብጣብ የተጻፈ ይመስላል።

በመጨረሻ ጀርባውን አንብቡ። የፋብሪካ ስም፣ ወርና ዓመት፣ የስቴቱ ማኅተም እዚያ ሊገኝ ይችላል። የፋብሪካው አድራሻ ላይ ባለ አምስት አሐዝ ዚፕ ኮድ ካለ፣ ታፔላው ከ1963 በኋላ የተሠራ ነው። ዚፕ ኮድ የተጀመረው በዚያ ዓመት ስለሆነ።

4. ስታገኙት በደህና ቁሙ፣ በደንብ መዝግቡ

ኢንተርስቴት ላይ ለፎቶ ብላችሁ እንዳትቆሙ። አይፈቀድም፤ ከዚያም በላይ ሰው ይሞታል። ከሚቀጥለው ኤግዚት ውጡና በእግር የሚደረስበት ቦታ ካለ ፈልጉ። ትራክ የያዛችሁ ሰዎች ቦታውን በስልክ ካርታ ላይ ምልክት አድርጋችሁ በእረፍት ቀን በትንሽ መኪና ተመለሱ። በገጠር መንገድ ዳር ስትቆሙ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ልበሱ።

ታፔላው የግል መሬት ውስጥ ከሆነ ባለቤቱን ሳታናግሩ አትግቡ። ቴክሳስና ሚዙሪን በመሳሰሉ ስቴቶች ዛፍ ወይም የአጥር እንጨት ላይ የተቀባ ወይን ጠጅ ቀለም «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ እኩል ነው። በቀን ሂዱ፤ ከተቻለ ከሰው ጋር። በሩን አንኳኩ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ፣ ስልካችሁ ላይ ያሉትን ሌሎች ፎቶዎች አሳዩ። አብዛኛው ገበሬ ስለ መሬቱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ታፔላው እንዴት እዚያ እንደመጣ የሚያውቀውም እሱ ነው።

ፎቶውን በቅደም ተከተል አንሱ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ መንገዱና አካባቢው እንዲታይ። ከዚያ ፊቱን ቀጥ ብላችሁ። ከዚያ ጀርባውን። ከዚያ ምሰሶውን፣ ብሎኑን፣ ዝገቱን፣ ማኅተሙን በቅርበት። ስፋቱን በሜትር ለኩ፤ ካልተቻለ መጠኑ የታወቀ ነገር አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱ። ማስታወሻችሁ ላይ ቀኑን፣ የመንገዱን ስም፣ ታፔላው ወዴት አቅጣጫ እንደሚያይና የካርታ ነጥቡን ጻፉ። ስልኩ ራሱ ይመዘግባል ብላችሁ አትተማመኑ። ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ የቦታ መረጃው ይጠፋል።

የቆመ ታፔላ ግን አትንቀሉ። «ያረጀ ነው፣ ማን ይፈልገዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ስርቆት ነው፤ ስደተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ የስርቆት ክስ መዘዙ ከቅጣቱ ይብሳል። በ1996 ፍሎሪዳ ውስጥ የስቶፕ ታፔላው ተነቅሎ መሬት ላይ በወደቀበት መገናኛ ሦስት ወጣቶች በመኪና አደጋ ሞተዋል። ከዚህ በላይ ምክንያት አያስፈልግም።

5. በሕጋዊ መንገድ የወረደውን ግዙ

ስቴቶችና ካውንቲዎች ትርፍ ዕቃቸውን በጨረታ ይሸጣሉ፤ አንዳንዴ ታፔላ በጅምላ ይወጣል። አንቲክ መሸጫዎች፣ የእሑድ ገበያዎች፣ የገበሬ ዕቃ ጨረታዎች፣ ሰው ሲሞት ቤተሰብ የሚያወጣቸው የቤት ዕቃ ሽያጮች ጥሩ ምንጭ ናቸው። እኔ ከሁሉም የገጠር ጨረታን እመርጣለሁ። ዕቃው ብዙ ጊዜ ከጎተራ በቀጥታ የወጣ ስለሆነ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይቻላል።

ሁልጊዜ ጠይቁ፦ ከየት መንገድ ወረደ? ማን አወረደው? ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የሻጩን መልስ ከደረሰኙ ጀርባ ጻፉት። ታሪኩ የሌለው ታፔላ ለግድግዳ ጌጥ ብቻ ይሆናል። ሻጩ የመንገዱን ስም ሲጠየቅ ዓይኑን የሚያሸሽ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትታችሁ ሂዱ።

6. ፎርጅዱን ለዩ

በተለይ ሩት 66 በሚባለው ዝነኛ መንገድ ታፔላዎች ላይ ተጠንቀቁ። መንገዱ በ1926 ተቋቁሞ በ1985 ከይፋዊው የመንገድ ዝርዝር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለቱሪስት የተሠራው የሩት 66 ጋሻ ስፍር ቁጥር የለውም። የመጀመሪያው ፈተና ጂኦግራፊ ነው። ሩት 66 ያለፈው በኢሊኖይ፣ ሚዙሪ፣ ካንሳስ፣ ኦክላሆማ፣ ቴክሳስ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞናና ካሊፎርኒያ ብቻ ነው። «ኔቫዳ 66» የሚል ጋሻ ቢያሳዩአችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ለሌላም መንገድ ቢሆን ቁጥሩ በእርግጥ በዚያ ስቴት ማለፉን በድሮ ካርታ አረጋግጡ።

ሁለተኛ የብሎን ቀዳዳውን እዩ። መንገድ ላይ ዓመታት የቆመ ታፔላ ቀዳዳው ዙሪያ የብሎኑ ራስ ያረፈበት ክብ ምልክት አለው። ጀርባው ላይም ምሰሶው የሸፈነው ቦታ ከሌላው የተለየ ቀለም ይይዛል። ፎርጅዱ ግን ሁሉም ቦታ እኩል ዝጓል። አሲድ የተቀባ ዝገት ቀለሙ ደማቅ ብርቱካናማ ነው፤ በጣት ሲነካ ዱቄት ይለቃል። የእውነተኛው ዝገት ጠቆር ያለና ብረቱን የበላ ነው።

ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ። ከጦርነቱ በፊት የነበረ ነው እየተባለ የሚሸጥ ላሜራ ማግኔት ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ በስፋት የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ኢናሜል ከሆነ በጥፍራችሁ ጠርዙን ዳብሱ። እውነተኛው በበርካታ ንብርብር ስለሚጋገር በቀለሞቹ መገናኛ ላይ ትንሽ እርከን ይሰማል። የጥይት ቀዳዳ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የገጠር ታፔላ ላይ መተኮስ ያለ ነገር ነው፤ ፎርጅድ የሚሠራውም ይህን ያውቃል።

7. ማጽዳትና ማስቀመጥ

አሮጌ ቀለም ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ሊኖር ይችላል፤ ብናኙ በተለይ ሕጻናትን ይመርዛል። ስለዚህ ደረቅ ሆኖ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ፈጽሞ አትፈግፍጉ። ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ጨርቅ ይበቃል። ጓንት አድርጉ፣ የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ጣሉ። ከደረቀ በኋላ ስስ የመኪና ሰም መቀባት ዝገቱን ያዘገየዋል። የልጆች መኝታ ክፍል ውስጥ አትስቀሉት።

እንደገና መቀባትን እቃወማለሁ። የደበዘዘው ቀለም የመጀመሪያው ነው፤ አንዴ ከተሸፈነ አይመለስም። ስትሰቅሉት አዲስ ቀዳዳ አትብሱ፤ በድሮው ቀዳዳ ተጠቀሙ። በብረቱና በብሎኑ መካከል የጎማ ዋሸር አድርጉ።

8. አገር ቤት ስትሄዱ

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና በግራ ይነዳ የነበረው እስከ 1964 ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ የተተከለ ምልክት የቆመበት ጎን እንኳ ይለያያል። በድሮው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያዎች የፈረንሳይኛና የአማርኛ ጽሑፍ ጎን ለጎን ነበር። እዚያ ግን ሥራችሁ በካሜራ ብቻ ይሁን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የቤተሰብ የሆነ አሮጌ ታፔላም ቢሆን ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ግድ ነው። ፎቶ ስታነሱም አዛውንቶችን ጠይቁ። «አባባ፣ ይሄ ታፔላ መቼ ተተከለ?» ብትሉ ካርታ ላይ የሌለ ነገር ትሰማላችሁ።

9. መዝገባችሁን አካፍሉ

አሜሪካ ውስጥ በየካውንቲው ማለት ይቻላል የአካባቢ ታሪክ ማኅበር አለ። ያነሳችሁትን ፎቶ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ላኩላቸው። ታፔላው አደጋ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ መንገዱ ሊሰፋ ከሆነ፣ ለማኅበሩም ለመንገድ መሥሪያ ቤቱም አብራችሁ ጻፉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ታፔላው ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ በግምት የየትኛው ዘመን እንደሆነና ሲነሳ ወደ ማኅበሩ እንዲሄድ የምትጠይቁ መሆናችሁን። ሁለት ፎቶ አያይዙ፤ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከጀርባ። መልስ ካልመጣ ከአንድ ወር በኋላ ደውሉ።